የበረዶ ጎማ፦ ከሚሸሊንና ከብሊዛክ በፊት መንገዳችሁን እዩ

ኖቬምበር ሲገባ በረዶ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ ስለ ጎማ ያወራል። "የበረዶ ጎማ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?" ያለ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ ሚሸሊን ይለዋል። ሌላው ከብሪጅስቶን ብሊዛክ ወዲያ ላሳር ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "መኪናህ ኦል ዊል ድራይቭ አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀህ!" ይላል። ኦል ዊል ድራይቭ ማለት ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርለት መኪና ነው። ይህ የመጨረሻው ምክር አደገኛ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሁለቱ መልስ ስህተት ባይሆንም ቸኩሏል። ከስሙ በፊት የሚመረጠው ዓይነቱ ነው። ዓይነቱን የሚወስነው ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሥራ ስትወጡ ከጎማችሁ ሥር ያለው ነገር ነው። የተቆለለ በረዶ ነው? አይስ፣ ማለትም እንደ መስተዋት የረጋ ውሃ፣ ነው? ወይስ ብርድ የያዘው እርጥብ አስፋልት? ከሦስቱ የትኛው እንደሚበዛባችሁ ካወቃችሁ ምርጫው በግማሽ አልቋል።

ላስቲኩና ስንጥቁ

የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን መጠንከር ይጀምራል። ብርድ እንዳገኘው ቅቤ ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ አስፋልቱን አይዝም። ስለዚህ መንገዱ ላይ ምንም በረዶ ባይኖርም ፍሬን ስትይዙ መኪናው ከለመዳችሁት ርቆ ሄዶ ነው የሚቆመው። የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን ቅመሙ የተለየ ነው፤ ከዜሮ በታች በደንብ ወርዶም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

ጎማ ቤት ስትገቡ አዲስ የበረዶ ጎማ አስመጡና በእጃችሁ ዳስሱት። በትልልቆቹ ቦዮች መካከል ያለው እያንዳንዱ ጥርስ በቀጫጭን ስንጥቆች ተተልትሏል። አውራ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ወደ አንድ ጎን ስትገፉት ስንጥቆቹ ከፈት ይላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጠርዝም ጣታችሁን ይቆነጥጣል። አይስ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ጠርዞች በአንድ ጊዜ ይቧጥጣሉ። ትልልቆቹ ቦዮች ደግሞ በረዶ ይጨብጣሉ። የተጨበጠው በረዶ ከመንገዱ በረዶ ጋር ስለሚያያዝ መኪናው ይራመዳል። ለዚህ ነው ቦዩ ውስጥ ትንሽ በረዶ ተጠቅጥቆ ስታዩ መደንገጥ የሌለባችሁ።

አይስ የራሱ ጣጣ አለው። በጣም የሚያንሸራትተው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ያኔ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ይተኛበታል። ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ውሃው ስለማይኖር ጎማው የተሻለ ይይዛል። ስለዚህ ቀን ቀልጦ ማታ መልሶ የሚረጋው የዴንቨር መንገድ ከኤድመንተን ብርቱ ብርድ በላይ ሊያንሸራትት ይችላል። ቴርሞሜትሩን ብቻ አይቶ "ዛሬ እኮ ያን ያህል አይበርድም" የሚል ሾፌር መጠንቀቅ ያለበት በዚያ ቀን ነው።

ጎኑ ላይ ያለውን ማንበብ

ጎማው ጎን ላይ ሁለት ምልክቶች ታገኛላችሁ። አንደኛው "ኤም ፕላስ ኤስ" (M+S) ነው፤ ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ይህን ምልክት ለማግኘት በረዶ ላይ መፈተን ግዴታ አይደለም። የጥርሱ አቀራረጽ በቂ ነው ተብሎ ይታተማል። ሁለተኛው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ነው። ይህ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ፣ ከማነጻጸሪያ ጎማ በተወሰነ መጠን በልጦ ሲገኝ የሚሰጥ ነው። ተራራው የሌለበትን ጎማ የበረዶ ጎማ ብላችሁ አትግዙ።

ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። የተራራው ምልክት ስለ አይስ ምንም አይናገርም። ፈተናው የተደረገው በረዶ ላይ ነው። ስለ አይስ የሚናገር ምልክት ያለው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ከሜይ 2021 ጀምሮ በሚለጠፈው አዲሱ የጎማ መለያ ላይ ለበረዶ አንድ፣ ለአይስ ሌላ ሥዕል ይታያል። የአይሱ ሥዕል ያለው ጎማ ለሰሜን አገሮች የተሠራ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ይህ መለያ ስለሌላችሁ እንደ ኮንሱመር ሪፖርትስ ያሉትን የፈተና ውጤቶች ማየት ይኖርባችኋል። እዚያም ቢሆን ጠቅላላ ነጥቡን ትታችሁ "አይስ ላይ ፍሬን" የሚለውን ረድፍ ፈልጉ።

በዚያው ጎን ላይ "ዶት" (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 3523 ካለ ጎማው የተሠራው በ2023 በ35ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። ላስቲክ ቁጭ ብሎም ይደርቃል። ጥርሱ ያልተነካ የ8 ዓመት ጎማ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እለፉት።

አራቱ ዓይነቶች

በገበያ ላይ ያሉት የመንገደኛ መኪና ጎማዎች ለብርድ ወራት በአራት ይከፈላሉ። ሚስማር ያለው፣ ሚስማር የሌለው የኖርዲክ፣ የመካከለኛው አውሮፓ፣ እና ኦል ዌዘር።

ሚስማር ያለው፣ ስዊድኖች ዱብዴክ የሚሉት፣ እርጥብ አይስ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ዜሮ አካባቢ ያለ፣ ውሃ የተኛበት አይስ የሌሎቹን ጎማዎች አቅም ሲያሳጣ ሚስማሩ ይወጋል። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ይጮኻል። መንገዱን ይፍቃል፤ የተፋቀውም አቧራ ከተማው አየር ውስጥ ይገባል። ስቶክሆልም ከ2010 ጀምሮ ሆርንስጋታን በተባለው ጎዳና ላይ ሚስማር ያለው ጎማ የከለከለችው ለዚህ ነው። ኦስሎ ውስጥ በሚስማር ለመንዳት ክፍያ ይጠየቃል። ጀርመን ከጥቂት የድንበር አካባቢ በስተቀር አይፈቀድም። ለሚኒሶታ ነዋሪም ክልክል ነው። ኦንታሪዮ ለሰሜኑ ክፍል ብቻ ትፈቅዳለች። ስዊድን ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ትፈቅዳለች። ከከተማ ወጣ ብሎ ጨው በማይበተንበት መንገድ ለሚኖር ሰው ሚስማር ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለሌላው አይመስለኝም።

ሚስማር የሌለው የኖርዲክ ጎማ ከሁሉ ለስላሳው ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከአይሱ ላይ ያለውን ስስ ውሃ የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያላቸው አሉ። በረዶም ሆነ አይስ ላይ ጎበዝ ነው፤ ጸጥ ያለም ነው። ድክመቱ የሚታየው ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሆኖ ዝናብ ሲዘንብ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል። ኩርባ ላይም መሪው ትንሽ ልፍስፍስ ይላል። ኤፕሪል አልፎ ካልተፈታ በፍጥነት ያልቃል።

የመካከለኛው አውሮፓ የሚባለው ለጀርመን፣ ለኦስትሪያና ለስዊዘርላንድ መንገድ የታሰበ ነው። ላስቲኩ ጠንከር ያለ ነው፤ አውቶባን ላይ በሰዓት በ160 ኪሎ ሜትር ቢነዳም ይረጋጋል። ብርድ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ጭቃ ላይ ከኖርዲኩ ይበልጣል። አይስ ላይ ግን ከኖርዲኩ በግልጽ ያንሳል። ይህን ጎማ ሚኒያፖሊስ ወይም ሰሜን ስዊድን ሉሌዮ ወስዶ ማሰር ገንዘብን አለቦታው ማዋል ነው።

ኦል ዌዘር ዓመቱን ሙሉ የማይፈታ ሆኖ የተራራው ምልክት ያለው ነው። እዚህ ላይ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚዛወር ሰው ይጠንቀቅ። አውሮፓ ውስጥ "ኦል ሲዝን" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ተራራ ያለው ጎማ ነው። አሜሪካ ግን "ኦል ሲዝን" የሚባለው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ተራው ጎማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ ነው ያለው። ጥሩ ኦል ዌዘር በረዶ ላይ አያሳፍርም። አይስ ላይ ግን ከኖርዲክ ጎማ ጋር አይወዳደርም። ትልቁ ጥቅሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ቤት መመላለስን ማስቀረቱና ሁለተኛ አራት ጎማ የሚቀመጥበት ቦታ አለመፈለጉ ነው። አፓርትመንት ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በየከተማው

ሚኒያፖሊስ፣ ሴንት ፖል፣ ኤድመንተን፣ ካልጋሪና ዊኒፔግ ያላችሁ ብዙ አታስቡ፤ ሚስማር የሌለውን ኖርዲክ ውሰዱ። የብርዱ ወራት ረጅም ነው። በተለይ ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ፣ ኤርፖርት በሌሊት የምትመላለሱ፣ ጨው በታኝ መኪና ሳያልፍ ነው መንገዱን የምታገኙት። ካልጋሪ ላይ ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በጃንዋሪም በረዶውን ሊያቀልጠው ይችላል። ከዚያ ማታ መልሶ ይረጋል። ስለዚህ እዚያም የሚያዋጣው አይስ የሚይዘው ነው።

ዴንቨርና ኦሮራ ለመምረጥ ያስቸግራሉ። ፀሐይዋ በማግስቱ አስፋልቱን ታደርቀዋለች። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ጥሩ ኦል ዌዘር ይበቃል እላለሁ። ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ግን የተለየ ነው። ኢንተርስቴት 70 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ድረስ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ልዩ ሕግ አለ። ኦል ዊል ወይም ፎር ዊል ድራይቭ ያልሆነ መኪና የበረዶ ወይም ኤም ፕላስ ኤስ ጎማ ማሰር፣ አለበለዚያ ሰንሰለት ወይም መሰል መሣሪያ መያዝ አለበት። የጥርሱ ጥልቀትም ከ3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማነስ የለበትም። ኤም ፕላስ ኤስ ለፖሊሱ ይበቃል። በዚያው መንገድ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት በሌሊት ለሚወርድ ሰው ግን አይበቃም፤ ተራራ ያለበትን እሰሩ።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ሲያትል በረዶ አልፎ አልፎ ነው የሚጥልባቸው። ሲጥል ግን ከተማው ይታሰራል። ለእነዚህ ኦል ዌዘር ሁነኛ መልስ ነው። ሆስፒታል የምትሠሩ ነርሶችና ረዳቶች፣ በረዶ ጣለ ተብሎ ሺፍት የማይቀርላችሁ፣ በተራው ኦል ሲዝን ጎማ አትተማመኑ።

ቶሮንቶ ላይ የበረዶ ጎማ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ኦንታሪዮ ያሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የበረዶ ጎማ ላሰረ ደንበኛ ቅናሽ መስጠት አለባቸው። ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ የሚሰጣችሁ የለም። ሞንትሪያል ከሆናችሁ ኩቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ ነው።

ጀርመን ሕጉ ቀን አይቆጥርም፤ መንገዱ በረዶ ወይም አይስ ከያዘ ተገቢው ጎማ መኖር አለበት። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻውን አይቆጠርም፤ የተራራው ምልክት የግድ ነው። የተያዘ ሰው 60 ዩሮ ይቀጣል፤ በሾፌርነት መዝገቡም ላይ አንድ የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። ፍራንክፈርትና ኮሎኝ ላሉ ተራራ ያለበት ጥሩ ኦል ሲዝን ይበቃል። ሙኒክና ከዚያ ወደ ደቡብ የመካከለኛው አውሮፓ የበረዶ ጎማ ይሻላል።

ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የበረዶ ጠባይ ካለው ግዴታ ነው፤ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ለስቶክሆልም፣ ለዮተቦሪና ለማልሞ ሚስማር የሌለው። ወደ ሰሜን ለሚሄድ ዱብዴክ።

ስለ ስሙ

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አንድ ስም ሁለት ዓይነት ጎማ ሊሸከም እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ብሊዛክ ለምሳሌ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደብሊው ኤስ 90 የሚለው ኖርዲክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ኤል ኤም 005 የሚለው ብሊዛክ ግን የመካከለኛው አውሮፓ ዓይነት ነው። የጉድይር አልትራግሪፕም እንዲሁ ነው፤ "አይስ" የሚል ቅጽል ያለውና "ፐርፎርማንስ" የሚለው ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ፊደልና ቁጥር ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ከኖርዲኮቹ የፊንላንዱ ኖኪያን ሀካፔሊታ በዕድሜም በስምም ቀዳሚ ነው፤ ስሙ ከ1936 ጀምሮ አለ። ሚሸሊን ኤክስ አይስ ስኖው አይስ ላይ ጥሩ ሆኖ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ የታክሲ ሾፌር እሱን እመርጣለሁ። ብሊዛክ ደብሊው ኤስ 90 አዲስ ሳለ አይስ ላይ እጅግ ጎበዝ ነው። ሆኖም ልዩው ላስቲክ ያለው የጥርሱ የላይኛው ግማሽ ገደማ ድረስ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ የሚቀረው ተራ ላስቲክ ይሆናል። ኮንቲኔንታል ቫይኪንግኮንታክትም ከእነዚህ ጋር የሚሰለፍ ነው።

ኪስ ካልቻለ የታላላቆቹን ሁለተኛ ስም ፈልጉ። ጀነራል አልቲማክስ አርክቲክ የኮንቲኔንታል ልጅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሴምፐሪት የኮንቲኔንታል፣ ክሌበር የሚሸሊን፣ ፉልዳ የጉድይር ናቸው። ማንም የማያውቀውን ርካሽ ጎማ ከመግዛት እነዚህ በጣም ይሻላሉ። ከኦል ዌዘር ደግሞ ሚሸሊን ክሮስክላይሜት 2 እና የኖኪያን ሬመዲ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ ጉድይር ቬክተር ፎር ሲዝንስ አለ።

"ሁለት ብቻ ብገዛስ?"

አይሆንም። ገንዘብ ለመቆጠብ ፊት ለፊት ሁለት የበረዶ ጎማ አስሮ ከኋላ አሮጌውን የሚተው ሰው አለ። የፊቱ ሲይዝ የኋላው ይለቃል። ኩርባ ላይ ፍሬን ስትነኩ የመኪናው ቂጥ ቀድሟችሁ ይዞራል። አራት መግዛት ካልቻላችሁ አራት ሁለተኛ ስም ግዙ እንጂ ሁለት ምርጥ አትግዙ።

ኦል ዊል ድራይቭም መፍትሔ አይደለም። መኪናውን ያስነሳዋል፣ ዳገት ያወጣዋል። ፍሬን ላይ ግን ከሌላው መኪና የተለየ ምንም ነገር የለውም። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በማርሽ ይዞ የወረደ ሾፌር ሞተሩ መኪናውን እንደሚይዝለት ያውቃል። አይስ ላይ ግን ሞተርም ፍሬንም ሥራቸውን የሚሠሩት በጎማው በኩል ብቻ ነው፤ ጎማው ካልያዘ ሁለቱም ከንቱ ናቸው። እንዲያውም ኦል ዊሉ ሲነሳ ስለማያንሸራትት መንገዱ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ሳትነቁ ፍጥነት ላይ ትደርሳላችሁ።

ልክ፣ ቸርኬና ንፋስ

የጎማውን ልክ ከሾፌሩ በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ታገኙታላችሁ። የቆየ ፕሪየስ 195/65 አር15፣ ብዙ ኮሮላ ደግሞ 205/55 አር16 ነው። መኪናችሁ በ17 ወይም በ18 ኢንች ቸርኬ ከመጣና መመሪያው ከፈቀደ ለበረዶ ወደ 16 ወርዳችሁ ጠበብ ያለ ጎማ እሰሩ። ጠባብ ጎማ በረዶውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጎማው የሚሸከመው የክብደት መጠን ግን ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

ከቻላችሁ አራት የብረት ቸርኬ አብራችሁ ግዙ። በየጊዜው ጎማውን ከቸርኬ ማላቀቅና እንደገና ባላንስ ማስደረግ ገንዘብም ይበላል፣ የጎማውን ጠርዝም ይጎዳል። ቸርኬ ላይ ካለ ክሪክ ያለው ሰው ራሱ ይቀይረዋል። በጋ ላይ የምታስሩት ጎማ በብርድ ወራት ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ወጪው መጀመሪያ ሲታይ እንደሚያስደነግጠው አይደለም። ማስቀመጫ የሌላችሁ ጎማ ቤቱን ጠይቁ፤ ስዊድንና ጀርመን ጎማ በክፍያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

ጥርሱን በሳንቲም ለኩ። ባለ 2 ዩሮ ሳንቲም ዙሪያው ያለው ብርማ ቀለበት ወደ 4 ሚሊሜትር ነው፤ እሱ ካልተሸፈነ የበረዶ ጎማነቱ አክትሟል። አሜሪካ ኳርተሩን የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ቦዩ ውስጥ አስገቡ። የራሱ ጫፍ ከታየ ከ3 ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ቀርቷል፤ ለቀጣዩ በረዶ አይሆንም። የብዙ ቦታ አጠቃላይ የጎማ ሕግ እስከ 1.6 ሚሊሜትር ቢፈቅድም በዚያ ጥልቀት በረዶ ላይ መንዳት ነፍስን መፈተን ነው።

ቀጠሮውን መስቀል እንዳለፈ ያዙ። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ልካችሁ ያልቃል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ከታሰረ በኋላ ንፋሱን በየወሩ ለኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ይሁን። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ ወደሚነዳበት አቅጣጫ መዞሩን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ጥድፊያ ላይ ያለ ሠራተኛ ሊያገላብጠው ይችላል። አዲስ ጎማ ላዩ እስኪፋቅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብላችሁ ንዱ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላም የቸርኬውን ቡሎኖች ደግማችሁ አስጠብቁ።